የአባት ጠመንጃ፦ ይሰቀል ወይስ ይተኮስ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቁምስናችን ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር መንደር በአንድ አረጋዊ ምእመን ተዝካር ላይ ተገኝተን ነበር። ጸሎቱ ተፈጽሞ፣ እድምተኛው ተሰናብቶ፣ ዳሱ ሊፈርስ ሲል የሟቹ ሦስት ልጆች ወደ ጓዳ ጠርተው አንድ ጉዳይ አቀረቡልን። መሬቱንና ከብቱን ያለ ክርክር ተከፋፍለዋል። ያላስማማቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም በአሮጌ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ከቆጥ ላይ የወረደው የአባታቸው ውጅግራ ነው።

የበኩር ልጁ «ይህ የአባታችን መታሰቢያ ነው፤ ተወልውሎ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ማንም አይንካው» አለ። ታናሹ በበኩሉ «ጠመንጃ የተሠራው ለመተኮስ ነው፤ አባታችን ከርከሮና ዝንጀሮ ከማሳ ያባረረው፣ ድኩላ አድኖ ያበላን በእርሱ ነው፤ እኔም እሠራበታለሁ እንጂ ዝገት አይበላውም» ሲል ተከራከረ። እኅታቸው አንድ ነገር ልትናገር ጀመረች፤ ነገር ግን «ይህ የሴት ጉዳይ አይደለም» ብለው ዝም አሰኟት፤ እኛም ትናገር አላልንም። ከዚያም ወንድሞቹ «አባ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉን።

እኛም ብዙ ሳናስብ «ይሰቀል» ብለን ፈረድን። ዕቃው ያረጀ ነው፤ መተኮሱ አደጋ አለው፤ መታሰቢያነቱ ይቆይ፤ ከሁለቱ የዋሁ መንገድ ይህ ነው ብለን ነበር። መስቀላችንን ተሳልመው በሰላም ተለያየን። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያ ፍርዳችን የችኮላ እንደ ነበረ ቆይተን ስለ ተረዳን ነው። የምንተርከውንም ታሪክ የቤቱ ሰዎች ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ፈቅደውልን ነው።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም

በሀገራችን ደጋማ ክፍሎች አሮጌ ጠመንጃ የሌለበት መንደር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስሞቻቸው ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። «ውጅግራ» ስሙን ያገኘው «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ የሚተኩስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን ለበል በያዘች ጊዜ አሮጌው መሣሪያ ለገበያ ወጣ፤ በባሕሩ ጠረፍ በኩልም በብዛት ወደ ሀገራችን ገባ። «ሰናድር» የምንለው ደግሞ የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው መሣሪያ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱት አባቶቻችን እንደነዚህ ባሉ ልዩ ልዩ ጠመንጃዎች ተዋግተዋል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ጠመንጃው ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ለሰብል ጥበቃ፣ ለአደን፣ ለሠርግና ለለቅሶ ተኩስ ዋለ፤ ከአባት ወደ ልጅም ተላለፈ። እንግዲህ በብዙ ቤት የጦር መሣሪያውና የአደን መሣሪያው አንድ ነው። ይህንም ልብ እንድንል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአንድ ጠመንጃ ታሪክ ሲነገር ባለቤቱ የሚያስታውሰው የአደኑን ብቻ፣ ወይም የዓድዋውን ብቻ ሊሆን ይችላልና።

በባሕር ማዶም ተመሳሳይ ክርክር አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ የአደን ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዕቃቸውን በመስተዋት ውስጥ ሲያኖሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ በአደን ወራት አውጥተው ይተኩሱበታል። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ ከሀገራችን መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ሳይቀሩ በነጋዴዎች ተገዝተው በአሜሪካ ለሚኖሩ ሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። በቆጥ ላይ ተጠቅልሎ ከተኛው ውጅግራ ጋር የሚመሳሰል መሣሪያ ዛሬ በሌላ ዓለም ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

የሰብሳቢው ምክንያት

ሁለቱም ወገኖች ያላቸውን ምክንያት በቅንነት መስማት ይገባናል። በመጀመሪያ የሰብሳቢውን እንመልከት።

ሰብሳቢው አሮጌ ጠመንጃ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር አለመንካት ነው። ብረቱ ላይ በዘመን ብዛት የተቀመጠውን ቡናማ ገጽ አይፍቀውም፤ የሰደፉን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አያለሰልስም፤ ምክንያቱም በእንጨቱ ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ ማኅተም አብሮ ይጠፋልና። በየክፍሎቹ ላይ የተመታውን ቍጥር ያመሳክራል፤ ቍጥሮቹ ሁሉ አንድ ከሆኑ ዕቃው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሳይለዋወጥ እንደ ኖረ ያውቃል። እንደ አዲስ ያብረቀረቀ አሮጌ ጠመንጃ ለእርሱ ዋጋው የወረደ ነው። ይህ ለእኛም ትምህርት አለው፤ አሮጌውን ነገር በራሳችን ምኞት አዲስ ከማስመሰል ይልቅ በቆየበት መልኩ መቀበል አንድ ዓይነት ትሕትና ነው።

ሰብሳቢው ሌላም ምክንያት ያቀርባል። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ በዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ የተሞላ ጥይት ቢጎርስ ግፊቱ ከብረቱ አቅም በላይ ሆኖ በተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የቆየ ጥይትም ቢሆን ቀለሁ በዘመን ብዛት ይሰነጠቃል። የድሮ ጥይት ማቀጣጠያም ሲተኮስ በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨውም እርጥበት ይስባል፤ በወቅቱ በውኃ ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል። እንግዲህ ሰብሳቢው «የመቶ ዓመት ዕቃ መተኮስ ዕቃውንም ሰውንም ለጥፋት መስጠት ነው» ቢል ያለ ምክንያት አይደለም።

የአዳኙ ምክንያት

አዳኙ ደግሞ ከፍልስፍና ትምህርት የሚስማማለት ነገር አለው። አርስጣጣሊስ የአንድ መሣሪያ በጎነት የሚታወቀው በሥራው ነው ይላል፤ የጥሩ ቢላዋ ጥሩነት በመቍረጡ ይታወቃል። አዳኙም «አውታሩ የተፈታ መሰንቆ በግድግዳ ላይ ቢያምር ምን ይጠቅማል? መሣሪያን የሚያከብር የሚሠራበት ነው» ይለናል።

ከዚህም ሌላ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ አዳኙን ትዕግሥት ያስተምረዋል ይባላል። ሁለተኛ ዕድል ስለሌለው ቀርቦ፣ ነፋሱን ለይቶ፣ እርግጠኛ ሳይሆን ቃታ አይስብም። ሥጋውን አድኖ የሚበላ ሰው የምግቡን ዋጋ ያውቃል፤ ሥጋ ከሱቅ ተጠቅልሎ የሚገዛ ሰው ግን ስለ እርሱ ደም እንደ ፈሰሰ ላያስብ ይችላል። ቤተ ክርስቲያንም አደንን በጅምላ አታወግዝም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ እንስሳትን ለሰው ፍላጎት ማረድ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን አስተምሯል። የአዳኞች ጠባቂ ተብሎ የሚከበረው ቅዱስ ሁበርት የሊዬዥ ጳጳስ ነበረ፤ በዓሉም ኅዳር ወር በገባ በሦስተኛው ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ይውላል።

ነገር ግን ስለዚሁ ቅዱስ የሚነገረው ትውፊት ራሱ ምን ይላል? ሁበርት ገና በወጣትነቱ አደን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ በስቅለት ዓርብ እንኳ ጫካ ገባ፤ የሚያሳድደው አጋዘንም ዞር ብሎ ቢያየው በቀንዶቹ መካከል መስቀል አበራ፤ አዳኙም ተንበረከከ ይባላል። አዳኞች ጠባቂያችን የሚሉት ሰው እንግዲህ የሚታወሰው እጁን በመያዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም እንስሳትን ለምግብና ለልብስ መጠቀም እንደሚፈቀድ ገልጾ፣ ያለ አስፈላጊ ምክንያት እነርሱን ማሠቃየትና መግደል ግን ለሰው ክብር የማይስማማ መሆኑን ያስተምራል።

ይህ ለሀገራችን የቅርብ ጉዳይ ነው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ቍጥሩን ካመነመኑት ምክንያቶች አንዱ አደን ነው። የዓለም ቅርስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። የአያት ጠመንጃ የአያትን ዘመን አራዊት ይዞልን አልመጣም። አያቶቻችን የተኮሱበት ጫካና እኛ የምንተኩስበት ጫካ አንድ አይደለም።

ማስቀመጥም መጠቀም ነው

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ወገኖች የተራራቁ ይመስላሉ፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ይጠቀማል። እኛም በዚያ ጓዳ ውስጥ የፈረድነው ይህን ልዩነት አምነን ነበር። የሚያስቀምጥ ሰው ከጥያቄው ነጻ የወጣ መስሎን ነበር። ስሕተታችንም እዚህ ላይ ነው።

አርስጣጣሊስ ፖለቲካ በተባለው መጽሐፉ ስለ ጫማ አንድ ምሳሌ ይሰጣል። ጫማ ሁለት አገልግሎት አለው፤ አንዱ በእግር መጫማት፣ ሁለተኛው በሌላ ዕቃ መለወጥ። ሁለቱም የጫማ አጠቃቀም ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ጫማው የተሠራበት ዋና ዓላማ አይደለም። እኛ ደግሞ ሦስተኛ እንጨምራለን፤ ጫማው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ለሰው ቢታይ ያም አጠቃቀም ነው። ባለቤቱ በእግሩ አልተጫማውም፤ ነገር ግን ለክብሩ ተጠቅሞበታል።

ጠመንጃም እንዲሁ ነው። የተሰቀለ ጠመንጃ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ለእንግዳው ስለ ቤቱ ባለቤት ይናገራል፤ ለልጁ ወንድ ምን ማለት እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ለጎረቤት አንድ ነገር ያስታውሳል። ጥይት ባይወጣውም ቃል ይወጣዋል። ስለዚህ ጥያቄው «እናስቀምጠው ወይስ እንጠቀምበት?» የሚል ሳይሆን «በማስቀመጣችን ለምን እየተጠቀምንበት ነው?» የሚል ሊሆን ይገባዋል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1954 የኖረ ዋልተር ቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ አዳኝ ነበረ። ይህ ሰው በምሥራቅ አፍሪካ፣ እስከ ሀገራችን ደቡብ ምዕራብ ወሰን ድረስ እየዘለቀ፣ በሕይወት ዘመኑ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል። የዝሆኖቹም ጥርስ ለገበያ ቀርቧል። ቤል በአነስተኛ ጥይትና በጥንቃቄ በመተኮሱ እስከ ዛሬ በአዳኞች ዘንድ ይደነቃል፤ የእርሱ የነበሩ ጠመንጃዎችም በሰብሳቢዎች ዘንድ ትልቅ ዋጋ አላቸው። አሁን እናስብ። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ገዝቶ በመስተዋት ውስጥ ያኖረ ሰው አንድም ዝሆን አልገደለም። ይሁን እንጂ ዕቃውን ውድ ያደረገው ምንድር ነው? ብረቱና እንጨቱ ከሌላው ጠመንጃ አይለይም። ዋጋውን የሰጠው የዝሆኖቹ ሞት ነው። ሰብሳቢው ያን ሞት ፈጽሞ ሳይጠቅስ ዕቃውን ብቻ ቢያደንቅ ከታሪኩ ግማሹን ገዝቶ ግማሹን ጥሎታል ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለንም። አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው «ገዳይ» ተብሎ በሚከበርበት፣ በፉከራ በሚወደስበት ባህል ውስጥ ያደግን ነን። ፉከራው ግዳዩን ይቆጥራል፤ የቀረውን አይቆጥርም።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው

ከተዝካሩ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ቆይተን በዚያው መንደር ለሐዋርያዊ ጕብኝት አለፍንና ወደዚያ ቤት ገባን። ውጅግራው በፍርዳችን መሠረት ተወልውሎ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከሟቹ ፎቶግራፍ በታች ተሰቅሏል። ከሥሩ ባለው መደብ ላይ የልጅ ልጆቹ ይተኛሉ። ባልቴቲቱ ቡና አፍልተው ጎረቤት ተጠርቶ ነበር። ከመጡትም መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የክብሩን ቦታ ብንለቅላቸው እምቢ ብለው፣ ከበሩ አጠገብ በምትገኝ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ፣ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ሦስቱን ስኒ እንዲሁ ሆነው ጠጥተው፣ መርቀው ወጡ።

እኛም ነገሩ ገርሞን «እማማ፣ እኒህ አባት ለምን እንዲያ ይቀመጣሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። ባልቴቲቱ ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉን፦

«አባ፣ ያን ጊዜ ይሰቀል ሲሉ እኔን አልጠየቁኝም። ልጄም ልትነግርዎ ስትል ዝም አሰኟት። ያ ጠመንጃ የእርሳቸውን ወንድም ገድሏል። በግጦሽ ወሰን ነው፤ ሁሉም ልጆች ነበሩ። ባለቤቴ ካሳውን ከፍሎ፣ በሽማግሌ ታርቀው፣ ማዕድ አብረው ቆርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ለማሳ ሲሄድ ካልሆነ በቀር ብረቱን በሰው ፊት አውጥቶት አያውቅም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ነበር የሚያኖረው። እኛ ግን እርሱ ሲሞት ወስደን ፊታቸው ላይ ሰቀልነው።»

ውድ አንባብያን፣ በዚያች ሰዓት የተሰማንን ኀፍረት ለመግለጽ ቃል አናገኝም። «የዋሁ መንገድ» ያልነው ለስድስት ዓመት አንድን ሽማግሌ በገዛ ጎረቤታቸው ቤት ጀርባ ሲያሰጣቸው ኖሯል። እኛ ካህኑ የዕርቅ አገልጋይ ተብለን ተሹመን ሳለ፣ የተፈጸመውን ዕርቅ በአንድ ሚስማር ነካነው። ለአንዱ ቤት መታሰቢያ የሆነው ለሌላው ቤት የጠፋ ሰው ነበር።

በዚያው ምሽት የበኩር ልጁ ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደው። ከፍተን ብናየው አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ጥይት በውስጡ ተቀርቅሮ ተገኘ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሕፃናቱ የተኙት ከእርሱ ሥር ነበር። «ያረጀ ነው፣ አደጋ የለውም» ያልነው እኛው ነን፤ ከፍቶ ለማየት ግን ማናችንም አልተነሣንም።

ሦስት መለኪያዎች

ከዚህ የተማርነውን በሦስት መለኪያዎች ልናጠቃልለው እንወዳለን። ጠመንጃ ለሚሰበስብም፣ ለሚያድንበትም፣ ወርሶ ላስቀመጠም ያገለግላሉ ብለን እናምናለን።

አንደኛው እውነት ነው። መታሰቢያ የምንለው ነገር ሙሉውን ያስታውስ። ጠመንጃው በዓድዋ ተተኩሶ ከሆነ ይነገር፤ ድኩላ አድኖ ቤተሰብ አብልቶ ከሆነም ይነገር፤ ሰው ገድሎ ከሆነ ግን ያም ሊነገር ይገባል። ግማሹን የሚደብቅ መታሰቢያ ለቤቱ ኵራት እንጂ ለሟቹ ክብር አይደለም። ያ ሟች ራሱ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ማኖሩ ከእኛ ይልቅ እውነቱን ያከበረ እርሱ እንደ ነበረ ያሳያል።

ሁለተኛው ሕይወት ነው። የሚጠቀም ሰው «የምገድለው ስለሚያስፈልገኝ ነው ወይስ መግደሌ እንዲታወቅልኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ከርከሮ ሰብል ሲያጠፋ መከላከል አንድ ነገር ነው፤ በሕግ የተጠበቀ አውሬ ለስም መግደል ሌላ ነገር ነው። የሚያስቀምጥም ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም፤ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በሕፃናት ራስ ላይ ከተሰቀለ ማስቀመጡ ከመተኮስ ይልቅ አስጊ ነው። የሀገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለውም የጎረቤትን ሕይወት ለመጠበቅ ነው። ክርስቲያን ይህን ሕግ የሚታዘዘው ቅጣት ፈርቶ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው ነጻነት ነው። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በዓለም ካሉት ነገሮች አንዳንዶቹን ልንጠቀምባቸው፣ ሌሎቹን ደግሞ ስለ ራሳቸው ወደን ልንደሰትባቸው እንደሚገባ ለይቶ ያስተምራል፤ የሰው ጥፋት የሚጀምረው ልንጠቀምበት የተሰጠንን ነገር የልባችን ማረፊያ ስናደርገው ነው። ቅዱስ ቶማስም ሀብትን የራስ አድርጎ ማስተዳደር እንደሚፈቀድ፣ በአጠቃቀሙ ግን ሌላውን ማሰብ እንደሚገባ አስተምሯል። ስለዚህ ለሰብሳቢውም ለአዳኙም አንድ ጥያቄ አለን፦ ስለ አንድ ሰው ሰላም ሲባል ይህን ዕቃ ልትለቀው ትችላለህን? የሚችል ከሆነ ዕቃው የእርሱ ነው፤ ካልቻለ ግን እርሱ የዕቃው ሆኗል።

በእነዚህ መለኪያዎች ሲታይ ሰብሳቢው ሁሉ ጥፋተኛ፣ አዳኙም ሁሉ በዳይ አይደለም። የዓድዋ ጠመንጃ ታሪኩ በትክክል ተጽፎ፣ እንዳይተኩስ ሆኖ፣ ትውልድ በሚማርበት ቤተ መዘክር ቢቀመጥ መልካም ነው። ሕግ በፈቀደለት ቦታና ጊዜ፣ የሚበላውን ያህል ብቻ፣ በሚገባ በተያዘ መሣሪያ የሚያድን ሰውም ሊከበር ይገባዋል። የምንቃወመው ሰብሳቢው «እኔ አልተኮስሁም» በማለት፣ አዳኙም «መሣሪያው የተሠራው ለዚህ ነው» በማለት ከተጠያቂነት ሲሸሽ ነው። «የአባት ዕዳ ለልጅ» እንዲሉ፣ ጠመንጃ የወረሰ ሰው ብረቱን ብቻ አይወርስም።

የቤቱ ፍጻሜ

ያ ቤተሰብ ምን አደረገ? በማግስቱ ወንድማማቾቹ በመጀመሪያ እኅታቸውን ይቅርታ ጠየቁ፤ እኛም ጠየቅናት። ከስድስት ዓመት በፊት ምን ልትል እንደ ነበረም ጠየቅናት። «ጋሼን ጠይቋቸው ልላችሁ ነበር» ብላ መለሰችልን። እኛ ከቅዱሳንና ከፈላስፎች መጻሕፍት ስንፈልገው የኖርነው መልስ በዚያች አጭር ቃል ውስጥ ነበረ።

ከዚያም አብረን ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው ብዙ አልተናገሩም። «እኔ ከእናንተ ጋር ቂም የለኝም፤ ዓይኔ ግን እንቢ አለኝ» አሉ። ጠመንጃው ፈቃድ ስላልነበረው ወንድማማቾቹ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ለማስረከብ ወሰኑ። ጥይቱን እንዲያወጣ የሚችል ሰው ተጠራ፤ እኛም ሆን ሌሎች እንዳንነካው ተደረገ። በማስረከቢያው ቀን ሽማግሌው ሳይጠሩ በትራቸውን ይዘው መጡና አብረዋቸው ወረዱ። ታናሽየው ዛሬ ማሳውን የሚጠብቀው በውሻና በወንጭፍ ነው፤ አልፎ አልፎ ዝንጀሮው እንደሚያሸንፈው ራሱ እየሳቀ ይነግረናል። የሟቹ ፎቶግራፍ በቦታው አለ። ሽማግሌውም አሁን ቡና ሲጠጡ ከፎቶግራፉ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

ሁሉም ቤት እንዲሁ ያድርግ አንልም፤ የየቤቱ ታሪክ ልዩ ልዩ ነውና። ነገር ግን እናንት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጉዳይ በየመንደራችሁ አንሥታችሁ ብትወያዩበት መልካም ነው። ውይይቱን እንዲረዳችሁ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን፦

1. በቤታችን ተሰቅሎ ወይም ተቀምጦ የሚገኘው የአባቶቻችን ዕቃ ምን ታሪክ አለው? ለልጆቻችንስ የምንነግራቸው ሙሉውን ነው ወይስ ግማሹን?

2. ይህን ዕቃ በማየት የሚያዝን ጎረቤት አለን? ጠይቀነው እናውቃለን?

3. ስለ ሰላም ሲባል ልንለቀው የማንችለው ዕቃ አለን? ለምን?

እኛም ከእንግዲህ ወዲህ «አባ፣ ይፍረዱን» ስንባል አስቀድመን በጓዳው ውስጥ ዝም የተሰኘው ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ለራሳችን ቃል ገብተናል።